ፈጥኖ የሚደርስ ሽምብራ

በምግብ አዳራሻችን ሽሮ በቀረበ ቁጥር የማያጉረመርም ተማሪ ጥቂት ነው። ያ ሽሮ ከመፈጨቱ በፊት ምን ዓይነት እሽቅድምድም አልፎ እንደ መጣ የሚያውቀው ግን ከዚያም ያነሰ ይመስለኛል።

ሽምብራ እንደ ሌላው እህል የክረምቱን ዝናብ እየጠጣ አያድግም። የአደአና የምንጃር ገበሬ ዘሩን ዋልካው ላይ የሚጥለው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፥ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። አስቀድሞ ቢዘራው ውሃ የተኛበት ጥቁር አፈር ሥሩን ያበሰብስበታል። ከዚያ ወዲያ ተክሉ የሚኖረው አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው፤ ይኸውም ወጪ እንጂ ገቢ የሌለው ገንዘብ ማለት ነው። ዋልካው መሰንጠቅ ሲጀምር ዘግይቶ ያበበው ተክል ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል።

በዚህ መሬት ላይ ውሃንም ድርቅንም ችሎ የሚበቅለው ጓያ ነው። ጓያ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል። እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በደንቢያና በፎገራ የደረሰው ይኸው ነበር። ስለዚህ ሽምብራው ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ደረሰ አልደረሰ የሚለው ጉዳይ ቀላል አይደለም።

ታዲያ ፈጣን ዝርያ እንዴት ይገኛል? የሽምብራ አበባ ገና ሳይከፈት ራሱን በራሱ ያዳቅላል። እንግዲህ አዳቃዩ እንቡጡን በወረንጦ ከፍቶ፥ የወንዴውን ክፍል ለቅሞ አውጥቶ፥ ከሌላ ዝርያ ያመጣውን የአበባ ዱቄት ይቀባዋል። ከብዙ ሙከራ የሚይዘው ጥቂቱ ነው፤ የያዘውም የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ሌላ ሙያ ይፈልግ።

በህንድ አገር በሃይደራባድ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው ኢክሪሳት የሚባለው የምርምር ድርጅት «አይ ሲ ሲ ቪ 2» የተባለ ፈጣን ሽምብራ አውጥቷል። ይኸን ዝርያ ቶሎ እንዲያብብ የሚያደርገው በአመዛኙ አንድ ጂን ነው፤ እርሱም ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ ሥራው አይታይም። ስለዚህ ፈጣኑ ከዘገምተኛው ጋር ሲዳቀል የመጀመሪያው ትውልድ ዘግይቶ ያብባል፤ በሁለተኛው ትውልድ ግን ከአራቱ አንዱ ያህል ይቀድማል። የሜንዴል አተር ነገር ለፈተና ብቻ የተጻፈ አለመሆኑን ልብ በሉ።

ከዚያ በኋላ ድብልቅነቱ በየትውልዱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በስድስተኛው ትውልድ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚቀር ዝርያው ረጋ ይባላል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚዘራ ሰው ይህ ብዙ ዓመት ነው። ሽምብራ ቀኑ ሲረዝምለት ቶሎ ያብባልና፥ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በቀን 22 ሰዓት መብራት እየበራለት በዓመት እስከ 6 ትውልድ ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል።

ነገር ግን ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ቶሎ የሚያብብ ተክል ቅጠሉንና ቅርንጫፉን ሳያበዛ ወደ ፍሬ ይሮጣል። ኢክሪሳት «አይ ሲ ሲ ቪ 2»ን ከሌላ ፈጣን ዝርያ ጋር አዳቅሎ «አይ ሲ ሲ ቪ 96029»ን አግኝቷል፤ ይኸኛው በህንድ በ24 ቀን ገደማ ያብባል፥ በ80 ቀን ውስጥም ይደርሳል። እርጥበቱ ገና ሳያልቅ ግን እርሱ ቀድሞ ስለሚጨርስ የተረፈውን ውሃ ማንም አይጠቀምበትም። በአንድራ ፕራዴሽ ገበሬዎች ዘንድ የሰመረው ይህ እጅግ ፈጣኑ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውና ከ95 እስከ 100 ቀን የሚፈጀው «ጄ ጂ 11» ነው። በዚያ ክፍለ አገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሄክታሩ ምርት ከእጥፍ በላይ ሆነ።

እኔ «በዚህን ያህል ቀን ይደርሳል» የሚል ማስታወቂያ ሳነብ «የት?» ብዬ እጠይቃለሁ። በህንድ ቆላ የፈጠነ ዘር በእኛ ደጋ ብርድ ይዘገያል። ደብረ ዘይት ያለው የምርምር ጣቢያ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አረርቲንና ሻሾን ለገበሬው ሲሰጥ ከውጭ የመጣ ዘር እንዳለ ማደል አልበቃውም፤ በዚህ አፈርና በዚህ አየር ፈትኖ መረጠ እንጂ። ደግሞም መንደሩ ሁሉ ሳይደርስ ብቻውን የደረሰ ማሳ የመንገደኛ እሸት መሆኑን ማንኛውም ገበሬ ይነግራችኋል፤ ይህን በሠንጠረዥ ላይ አላየሁትም።

ሽምብራ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ገበሬው የወሰደውን ዘር በየዓመቱ መልሶ ሊዘራው ይችላል። ይህ ለገበሬው ደግ ነው፤ ዘር ነጋዴው ግን በየዓመቱ የሚመለስ ገዢ ስለማያገኝበት ለማባዛት አይቸኩልም። ስለዚህ አዲሱ ዘር አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፥ በቁና እየተሰፈረ ነው።