ሲፕሮ እየወሰዳችሁ ተረከዛችሁን ካመማችሁ፦ ኤአይን እንዴት እንጠይቀው?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ መልእክት ደረሰን። ተከታታያችን ታይፎይድ ነው ተብሎ ሲፕሮ ታዞለታል። በአራተኛው ቀን ኳስ ተጫውቶ ሲመለስ ከተረከዙ ከፍ ብሎ ያለው ጅማት ያመው ጀመር። "አንዱን ቻትቦት ስጠይቀው ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል አለኝ፣ አምስት ጥናትም ጠቀሰልኝ። ጓደኞቼ ደግሞ አንቲባዮቲክ ሳይጨረስ አይቆምም ይላሉ። ማንን ልስማ?"

መጀመሪያ ያልነው "ያዘዘልህን ሐኪም ዛሬውኑ አግኘው" ነው። ከዚያ አምስቱን ጥናቶች አንድ በአንድ ፈለግናቸው። ሦስቱ አሉ። ሁለቱ ግን የትም የሉም። ርዕስ አላቸው፣ ዓመት አላቸው፣ የጸሐፊ ስምም አላቸው። ጥናቱ ራሱ ግን አልተጻፈም!

ይሄ ለምን ይሆናል? ቻትቦት ምንም ሳይፈልግ ሲመልስ ቀጣዩን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ጥናት የሚመስል ነገር መጻፍ ለሱ ቀላል ነው። እንደ ኮንሰንሰስና ኤሊሲት ያሉት የጥናት መፈለጊያዎች ግን መጀመሪያ የታተሙ ጽሑፎችን ክምችት ይፈልጋሉ፣ ከዚያ ያገኙትን አሳጥረው ይነግሯችኋል። ፐብሜድ ደግሞ ኤአይ ሳይሆን የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በነፃ የከፈተው ማውጫ ነው። ለማረጋገጥ እሱን የሚያህል የለም።

የሲፕሮ እውነተኛ ታሪክ

ሲፕሮፍሎክሳሲን ፍሎሮኪኖሎን ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች አንዱ ነው። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ከጅማት ጉዳት ጋር መያያዛቸው እ.ኤ.አ በ1983 በኒውዚላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ግን በማሸጊያው መረጃ ላይ፣ በጥቁር ሳጥን ውስጥ የሚታተመውን ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጨመር ያዘዘው በ2008 ነው። በመሃል 25 ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ መረጃው በመጽሔቶች ውስጥ ተበታትኖ ነበር። የጥናት መፈለጊያ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው፤ የተበታተነውን በደቂቃ ይሰበስባል።

ማስጠንቀቂያው ምን ይላል? ጅማት ካመመ ወይም ካበጠ መድኃኒቱን አቁሙ፣ ስፖርት አትሥሩ፣ ሐኪማችሁን ወዲያው አግኙና ሌላ መድኃኒት ይቀየርላችሁ። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ አብረው የሚወስዱ፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች አደጋቸው ከፍ ይላል። እና የጓደኞቹ ምክር ለብዙ አንቲባዮቲክ ልክ ቢሆንም እዚህ ላይ አይሠራም።

እንዴት እንጠይቅ?

1. በማሸጊያው ላይ ያለውን ሳይንሳዊ ስም በእንግሊዝኛ ጻፉ። የፋብሪካው የንግድ ስም ጥናት ላይ ላይገኝ ይችላል። ጥናቶቹም አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው።

2. መልሱን በጥያቄው ውስጥ አትክተቱት። "ሲፕሮ ጅማት እንደሚበጥስ አሳየኝ" ካላችሁት ያንኑ ለቅሞ ያመጣላችኋል። "ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወሰዱት ስንቱ ላይ የጅማት ችግር ታየ? ሌላ አንቲባዮቲክ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸርስ?" በሉት። ዕድሜያችሁንና አብራችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት ጨምሩበት። ስማችሁን ግን አታስገቡ።

3. ጥናቱ ምን ዓይነት እንደሆነ እዩ። የአንድ ታካሚ ታሪክ ብቻ የሚያወራ ጽሑፍ "እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞናል" ነው የሚለው። የብዙ ሺህ ሰዎችን መዝገብ ያነጻጸረው ደግሞ ምን ያህል እንደሚያጋጥም ይናገራል። ኤአይ ሁለቱን በአንድ መስመር አሰልፎ "ጥናቶች ያሳያሉ" ሊላችሁ ይችላል።

4. "እጥፍ ይጨምራል" ሲል አትደንግጡ፣ "ከስንት ወደ ስንት?" በሉ። ለምሳሌ ከ10,000 ሰው አንዱ ላይ የሚደርስ ነገር ሁለቱ ላይ ከደረሰ እጥፍ ነው። 9,998ቱ ግን ደህና ናቸው።

5. ርዕሱን ኮፒ አድርጋችሁ ፐብሜድ ላይ ፈልጉ። እዚያ ካጣችሁት ጎግል ስኮላርን ሞክሩ። የትም ካልተገኘ መልሱን አትመኑት። ከተገኘም ቢያንስ አጭር ማጠቃለያውን አንብቡ፤ ኤአይ ያለውን ይላል? ወይስ "ግንኙነቱ ግልጽ አይደለም" ነው የሚለው?

ኤአይ የማያውቀው ነገር

ሌላ መድኃኒት እንይ። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንትን፣ ላብን፣ እንባንም ሳይቀር ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይቀይራል። ያስደነግጣል እንጂ ጉዳት የለውም። በዚህ ደንግጦ በራሱ ጊዜ ያቆመ ሰው ግን ቲቢው ሊያገረሽበትና መድኃኒት የማይበግረው ሊሆን ይችላል። የዓይን ቢጫ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ጉበት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

አያችሁ? ሦስቱም የጎንዮሽ ጉዳት ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። አንዱ "አቁምና ሐኪም አግኝ" ነው፣ አንዱ "ምንም አይደለም፣ ቀጥል" ነው፣ አንዱ "አሁኑኑ ሂድ" ነው። ኤአይ ጽሑፍ ያነባል እንጂ እግራችሁን አይነካም፣ ዓይናችሁን አያይም። ስለዚህ ያገኛችሁትን ስክሪንሹት አድርጉና ለፋርማሲስቱ ወይም ለሐኪሙ አሳዩት። "ኤአይ እንዲህ አለኝ" ከምትሉ "ይህን ጥናት አገኘሁ፣ እኔን ይመለከተኛል?" በሉ። ወሬው ወዲያው ይቀየራል።

ተከታታያችንም እንደዚያ አደረገ። ሐኪሙ ጅማቱን አይቶ መድኃኒቱን ቀየረለት፣ ከኳስም አሳረፈው። አሁን እየተሻለው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ኤአይ የሚያገኘው ሰው የጻፈውን ብቻ ነው። የ1983ቱ ጽሑፍ የተገኘው ታካሚዎች "አመመን" ስላሉና ሐኪሞች ስለመዘገቡት ነው። እኛ አገር የደረሰ ጉዳት ካልተመዘገበ ነገ የትኛውም መፈለጊያ አያገኘውም። ከመድኃኒት በኋላ ያልጠበቃችሁት ነገር ከገጠማችሁ ለጤና ባለሙያ ንገሩ፣ ወይም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነፃ መስመር 8482 ላይ ደውሉ።

ቤት ውስጥ ሲፕሮ የሚወስድ ሰው ካለ ይህን ላኩለት።