የደምቢ ዶሎ የምርጫ ክልልና የ1997ቱ የግል ተወዳዳሪ

በምዕራብ ኦሮሚያ፣ ቄለም ወለጋ ውስጥ የሚገኘው የደምቢ ዶሎ የምርጫ ክልል አብዛኛው ነዋሪው በግብርና የሚተዳደር ነው። ስሙ በምርጫ ታሪክ በዋናነት የሚነሣው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ነው። ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢፌዲሪ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ በዚያ ምርጫ በትውልድ ሥፍራቸው በግል ተወዳድረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆነዋል። ከምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች ውስጥ በግል ተወዳዳሪ የተያዘው ይኸው አንዱ ብቻ ነበር።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ይመረጣል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ከሌላ የምርጫ ክልል የሚደመርለት ድምፅም የለም። ስለሆነም የፓርቲ መዋቅር የሌለው ዕጩ ሊተማመን የሚችለው በአካባቢው መራጭ ዘንድ ባለው አመኔታ ላይ ብቻ ነው። ቀበሌዎች በተራራቁበት ገጠር ይህን አመኔታ በአጭር የቅስቀሳ ጊዜ መገንባት አዳጋች ነው፤ ለቀድሞው ፕሬዚዳንት ግን ቀድሞ የታወቀው ስማቸው ትልቅ ስንቅ እንደሆናቸው መገመት አያስቸግርም።

በ2002 ዓ.ም. ምርጫም በግል ተወዳድሮ ያሸነፈው አንድ ዕጩ ብቻ ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. ግን አንድም የግል ተወዳዳሪ ወደ ምክር ቤቱ አልገባም።