የአባቶችን ቃል በካሜራ የሚያኖሩ፤ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ

በገዳም መጽሔት ስለ ፊልም ሲጻፍ የሚደነቅ አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን የአባቶችን ዜና ሰብስቦ ለልጆች ማቆየት ከጥንት ጀምሮ የገዳማት ሥራ ነው፤ አበው ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የደከሙት ለዚሁ ነበር። ስለዚህ በዚህ ዕትም ያንኑ ሥራ በካሜራ ስለሚሠሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ለማለት ወደድን።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ተውኔት እየደረሱ በየአገሩ ዞረው የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። ልጅየውም ወደ አሜሪካ ተሻግረው የፊልም ትምህርት ተማሩ፤ ከ1975 ጀምሮም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። በ1993 ያወጡትን፣ የባርነትን መከራ የሚያሳየውን «ሳንኮፋ» የሚያከፋፍል ቢጠፋ፣ ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ ለሕዝብ አሳዩት። በ2008 የወጣው «ጤዛ»፣ ከውጭ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ምሁር በደርግ ዘመን የደረሰበትን የሚተርከው፣ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል።

እነዚህ ሁለቱ በድርሰት የተሠሩ ናቸው፤ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርቡን ግን ዘጋቢ ፊልሞቻቸው ናቸው። በ1999 የወጣው «አድዋ»፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት የተገኘውን ድል በሽማግሌዎች ቃል፣ በዜማና በሥዕል ያስታውሳል። የቤተ ክርስቲያን ሰው ይህን ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም፤ ታሪክን በአረጋዊ አንደበት፣ በዜማና በሥዕል መያዝ የቆየ ልማዳችን ነውና።

ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዓመታት የደከሙበት ሥራ ስለ ሁለተኛው የኢጣልያ ወረራ የሚናገረው «ጥቁር አንበሶች፣ የሮማ ተኩላዎች» ነው። ተኩላ የሮም ከተማ ምልክት ናት፤ ጥቁር አንበሳም ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች የነበሩበት የአርበኞች ማኅበር ስም ነው። የዚያ ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል አብዛኛው ሉቼ በተባለው የኢጣልያ መንግሥት የፊልም ተቋም የተነሣ ነው። ካሜራው የቆመው ከወራሪው ወገን ነበርና፣ አውሮፕላኑ ሲነሣ ያሳያል፤ መርዙ የወረደበትን ቤት ግን አያሳይም። ይህን የሚሞላው ያየ ሰው ቃል ብቻ ነው።

ቃሉ ምን ያህል እንደሚመዝን በደብረ ሊባኖስ ታይቷል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በመጀመሪያው ቴሌግራሙ ለሮም ያስታወቀው 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ነበር። በኋላ የአካባቢውን ሽማግሌዎች እየጠየቁ ያጠኑ ተመራማሪዎች ግን የሰማዕታቱ ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርስ ገምተዋል። ሽማግሌዎቹ ሳይጠየቁ አልፈው ቢሆን ኖሮ የገዳዩ ቁጥር ብቻውን ታሪክ ሆኖ በቀረ ነበር።

ይህን ስንጽፍ የራሳችንን በደል ሳንናዘዝ ማለፍ አንችልም። በወረራው ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ በኢየሩሳሌም አልፈዋል፤ ብዙ ስደተኞች ወገኖቻችንም በዚህችው ከተማ ተጠልለው ኖረዋል። እኛ በወጣትነታችን ወደዚህ ስንመጣ ያን ጊዜ ያዩ አረጋውያን ገና በሕይወት ነበሩ። ማታ ከጸሎት በኋላ ይተርኩልን ነበር፤ እኛም «ነገ እንጽፈዋለን» እያልን ዘመኑ አለፈ። ዛሬ ሁሉም አንቀላፍተዋል። ስማቸውን በጸሎት እንጠራለን፤ ቃላቸውን ግን ከየት እናመጣዋለን? የቀረን ስብርባሪ ነው፤ እርሱንም አንዳችን እንዲህ፣ አንዳችን እንዲያ እያልን እንከራከርበታለን።

እናንተ በየበዓሉ የምትመጡ ተሳላምያን፣ በእጃችሁ የያዛችሁት ስልክ መቅረጫም ነው። ቅዱሳት መካናቱን ትቀርጹበታላችሁ፤ መልካም ነው፤ ግድግዳው ግን በሚመጣው ዓመትም ይቆያችኋል። ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አያታችሁን አስፈቅዳችሁ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ያደጉበትን ደብር፣ ያዩትን ዘመን፣ የቀበሯቸውን ሰዎች ጠይቋቸው። ሲናገሩ አታቋርጡ፤ ዝም ሲሉም ታገሡ። እኛም ዘግይተንም ቢሆን በዚህ ጾም ከገዳሙ አረጋውያን ጀምረናል።

የአባቶቻችን በረከት ይደርብን፤ አሜን።