ካሜራ ያላየው ጎል

2015 ዓ.ም. ለእግር ኳስ ወዳጆች የሐዘን ዓመት ነበር። በመስከረም ኢትዮጵያን በአምበልነት ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃው ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ፔሌ አረፉ። ለፔሌ የዓለም ቴሌቪዥኖች የሚያሳዩት ፊልም ሞልቶ ተርፏቸው ነበር። ስለ ሉቺያኖ ግን ከሁሉ በላይ የሚናገሩት የጨዋታ መዝገቦችና ስታዲየም ገብተው ያዩት አረጋውያን ናቸው። የድሮ ተጫዋቾች ስም በተነሳ ቁጥር ወጣቱ «ቪዲዮው የታለ?» ይላል፤ ሽማግሌው «አላየህማ!» ብሎ ይመልስለታል፤ ክርክሩም እዚያው ይቆማል። እዚያ መቆም የለበትም። የደጋፊ ትዝታ ሊመረመር የሚችል ማስረጃ ነው፤ ፊልምም ቢሆን ከምርመራ ነጻ አይደለም።

ፔሌ ራሱ ከጎሎቹ ሁሉ ውብ ያላት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1959 ሳንቶስ በሳኦ ፓውሎው ሩዋ ዣቫሪ ሜዳ ጁቬንቱስ የተባለውን የከተማዋን ክለብ ሲገጥም ያስቆጠራትን ነው። ኳሷን በተከላካዮቹ አናት ላይ እያሻገረ አለፋቸው፤ በረኛውንም እንደዚያው አድርጎ በግንባሩ ገጭቶ አገባት። የቀረጸ ካሜራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 «ፔሌ ኤተርኖ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ጎሏ የዓይን ምስክሮችን ቃል ይዞ በኮምፒውተር ታነጸች። ዛሬ «በዓይኔ አየኋት» የሚል ወጣት ያየው የሌሎችን ትዝታ ነው። ፊልም እውነቱን የሚያርቅበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1942 ጀርመኖች በያዟት ኪየቭ፣ ብዙዎቹ በዳቦ ፋብሪካ የሚሠሩ ተጫዋቾች «ስታርት» በሚል ስም ፍላክኤልፍ የተባለውን የጀርመን ጦር ቡድን 5 ለ 3 ረቱ። የሶቪየት ዘመን ትረካ ከሜዳ እንደወጡ ተረሸኑ ይል ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላም ሌላ ግጥሚያ አድርገዋል፤ የታሰሩት ከቀናት በኋላ ነው፤ ሦስቱ የተገደሉትም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1943 በሲሬትስ ካምፕ ነው። ከዚሁ ትረካ በመነሳት ዞልታን ፋብሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ሃንጋሪ ውስጥ፣ ጆን ሂዩስተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ፔሌን፣ ቦቢ ሙርንና አርዲሌስን አሰልፎ ፊልም ሠሩ። ሂዩስተን በፊልሙ እስረኛ ተጫዋቾቹን ከተመልካቹ ሕዝብ ጋር ቀላቅሎ ያስመልጣቸዋል። ፊልሙ ልብ ይሰቅላል፤ ሆኖም ከእሱ በኋላ የብዙ ሰው ትዝታ የፔሌን መቀስ ምት ይዞ የኪየቭን ሟቾች ስም ጥሏል።

የእኛው ዋንጫ የተገኘው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ወዲያው በዳዊ አብደል ፈታህ መልሶ አስቆጠረ፤ በ84ኛው ሉቺያኖ ደረሰ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የመሩት ቡድን 4 ለ 2 አሸነፈ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ግን በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የወጣውም በዚያው ዓመት። አገሪቱ የራሷ ቴሌቪዥን ሲኖራት ትልቁ የእግር ኳስ ድሏ አልፎ ነበር።

ትዝታ ያጋንናል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት አለው። ነገር ግን ውጤት፣ ደቂቃና ግብ አግቢ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራሉ። መዝገብ የማይነግረን የአጨዋወት ነገር ነው፤ እዚያ ላይ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ተመልካቾች ቃላቸው ከገጠመ የማይታመኑበት ምክንያት አይታየኝም። ከማጋነኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መርሳቱ ነው። ሉቺያኖ አስመራ ላይ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወልዶ፣ በድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ደምቆ፣ በደርግ ዘመን በጅቡቲ በኩል ወደ ጣሊያን የተሰደደ ሰው ነው። የሕይወት ታሪኩን ያሳተመውም በጣሊያንኛ ነው። ስደትና ፖለቲካ በመካከል ገብተው የአምበሉ ስም በእኛ ወግ ውስጥ ከሚገባው በታች ቀርቷል፤ ይህን ጉድለት ማንም በካሜራ እጦት ሊያሳብብ አይችልም።

በ1954 የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረ ተመልካች ዛሬ ሰማንያውን እየተጠጋ ወይም እያለፈ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በሰፈርህ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ስልክህን ከፍተህ ድምፁን ቅረጽ። ማን ለማን አቀበለ፣ ማን አገባ፣ የት ቆመህ አየህ ብለህ ጠይቀው። የቆየ ፊልምም ሆነ ፎቶ አታስቀድም፤ መጀመሪያ እሱ ያየውን ይናገር።