ከገዢው ዘንድ የማይበረክተው ሂቢስከስ

ለሆቴል መግቢያና ለቢሮ ማስዋቢያ የሚገዛ ሂቢስከስ ብዙ ጊዜ ወር ሳይሞላው እምቡጡን ያረግፋል። ገዢው ሻጩን ይወቅሳል፤ ሻጩ ደግሞ ተክሉን ያስረከበው እንዳበበ መሆኑን ይናገራል። ጉድለቱ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ተክሉ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው።

የአንድ ሂቢስከስ አበባ ዕድሜ በአመዛኙ ከአንድ ቀን አያልፍም። በመሆኑም ገዢው የከፈለውን የሚያገኘው ተክሉ ያለማቋረጥ አዲስ እምቡጥ ሲያወጣ ነው። ለዚህም በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይና ከ16 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይስማማዋል። ከ10 ዲግሪ በታች ይጎዳል፤ ውርጭ ይገድለዋል።

በዚህ ስሌት አዳማ፣ ሐዋሳና ድሬዳዋ በግቢ መሬት ላይ ተተክሎ ያብባል። አዲስ አበባ ላይ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ በአበባ ማሰሮ ተተክሎ በእነዚህ ወራት ቤት ውስጥ ቢቆይ ይመረጣል። በዚያ ወቅት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ተመራጩ ቦታ በደቡብ በኩል ያለ መስኮት ነው። ወደ ውጭ ሲመለስም በአንድ ጊዜ ለጠራራ ፀሐይ ከተጋለጠ ቅጠሉ ይቃጠላል፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ውኃ የሚጠጣው የአፈሩ ላይኛ ክፍል ደረቅ ሲል ነው። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ውኃው ይታቆርና ሥሩ ይበሰብሳል።

ማዳበሪያን በተመለከተ በገበያ የተለመደው ዳፕ አይመከርም። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅንና 46 በመቶ ፎስፌት ሲይዝ ፖታሽ የለውም። ሂቢስከስ የሚፈልገው ደግሞ በተቃራኒው ፖታሽ የበዛበት፣ ፎስፌት ያነሰበት ነው። በቅጠሉ ጀርባ የሚደበቁትን ነጭ ዝንብና ክሽክሽ ቀለል ባለ የሳሙና ውኃ ማጠብ ይቻላል።

አበባው የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ በመሆኑ ብርዱ ካለፈ በኋላ መግረዝ ምርቱን ይጨምራል። ከተገረዘው ጤነኛ ቅርንጫፍ እርጥብ አፈር ላይ ሰክቶ ሌላ ችግኝ ማፍላት ስለሚቻል፣ አንድ ተክል በሚገባ የያዘ ሰው ሁለተኛውን መግዛት አያስፈልገውም። ፀሐይ ለማይገባው ቢሮ ግን ከሂቢስከስ ይልቅ ጥላ የሚችል ባለቅጠል ተክል መግዛት ከኪሳራ ያድናል።