አባቴ ባላባት፣ እናቴ ጭሰኛ

አባቴ ዓይን አፋር ነው። ቀላል ዓይን አፋርነት እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ሲመጣ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሮ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቆ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ የሚመለስ ሰው ነው። የእናቴ ድምፅ ደግሞ ያው ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዴት ተገናኙ የሚለው ልጅ ሆኜ ጀምሮ ሲገርመኝ ኖሯል። መልሱ ቲያትር ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ያኔ ኪነት የሌለው ቀበሌ ማግኘት ይከብድ ነበር። ዘፈኑ ስለ አብዮት፣ ድራማውም ስለ አብዮት። ታሪኩ ሁሌ ያው ነው፤ ክፉ ባላባት፣ የተበደለ ጭሰኛ፣ መጨረሻ ላይ ድል። (መንዝ እኮ የርስት አገር ነው፤ እንደ ደቡቡ ጭሰኛ የሞላበት አልነበረም። ግን ማን ይጠይቃል?) አባቴን ረጅም ስለሆነ ብቻ ባላባት አደረጉት። ጠቅላላ የሚናገረው ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። እናቴ መሬቷን የተቀማች ጭሰኛ ሆና ሕዝብ ፊት ታዋርደዋለች።

«ስትሰድበኝ ዓይኗን ማየት ተፈቀደልኝ» ይላል አባቴ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ መንገድ ሲመላለሱ ቀና ብሎ አይቷት አያውቅም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ ይቺን ነገር በወጪ ነው የማስባት። ዓይን አፋር ሰው ስሜት አላነሰውም፤ የመጀመሪያዋ ቃል ናት የምትወደድበት። እምቢ ከተባለ ትንሽ ከተማ ውስጥ ወሬው ከገበያ ቀን በፊት ይዳረሳል። ድሮ መፍትሔው ሽማግሌ መላክ ነበር። አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ሌላ ሰው ይናገርልሃል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመርጥልህም ሌላ ሰው ነው። ድራማ ውስጥ ደግሞ ቃሉ የደራሲው ነው፣ ውርደቱም ለሁሉም ይከፋፈላል። ልምምድ ላይ የማይሳሳት የለማ!

ሎይድ ሻፕሊ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1962 ከዴቪድ ጌል ጋር ሆኖ ወንዶችና ሴቶች እንዴት ቢጣመሩ ትዳራቸው እንደሚጸና በሒሳብ አሳይቷል። ሻፕሊ በ2012 ከአልቪን ሮዝ ጋር በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው በዚሁ ዓይነት ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስማረው በጣም ወደድኩት። ግን ቀመሩ የሚጀምረው አንዱ ወገን ሄዶ ሲጠይቅ ነው። አባቴ እዚያች የመጀመሪያ መስመር ላይ ይወድቃል።

የእናቴ ችግር ሌላ ነበር። ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጣች ማለት ለብዙ ሰው «አዝማሪ ሆነች» ማለት ነው፤ ቃሉም ስድብ ነበር። ቲያትር በአገራችን ሲጀመር የሴቱን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። በ1927 የተመሠረተው አገር ፍቅር እንኳ ቆይቶ ነው ሴት ተዋንያን ያገኘው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትር የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ደግሞ የኛው የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው፤ የሰያ ደብር ተወላጅ። የአውሬዎች ተረት ቢሆንም ቤተ መንግሥቱን ስለነካ ታገደባቸው። እና መድረክ ከመጀመሪያውም ቢሆን ሰላማዊ ቦታ አልነበረም።

አንድ ቀን አጎቴ ልምምድ ቦታ ድረስ መጥቶ እናቴን እጇን ይዞ ወሰዳት። ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። ትምህርቷም ሊቀር ነበር፤ ጭራሽ ለአንድ ነጋዴ ልትዳር ወሬ ተጀምሯል። ልምምዱ ላይ የረሳችው ነጠላ አባቴ ጋ ቀርቷል። እንግዲህ ያ በሰው ፊት ሳል እንኳ የሚያፍር ሰው ነጠላውን አጥፎ ይዞ በዚያ ብርድ በር ላይ ቆመ። አያቴ ወጡና «አንተ የማን ነህ?» አሉት። ስሙ ጠፋበት። ያባቱም ስም ጠፋበት።

«ባላባቱ ነኝ» አለ።

በዚያ ዘመን በሰው ደጅ ቆመህ «ባላባት ነኝ» አይባልም! አያቴ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። አስገብተው ጠላ ሰጡት። ነጋዴው ወዲያው አልቀረም፣ አጎቴም ዓመት ሙሉ አኮረፈ። ግን እናቴ ትምህርት ቤት ተመለሰች፤ በአራተኛው ዓመት ሽማግሌ የላከው አባቴ ነው።

እኔ ዓይን አፋርነቱን እንጂ ቁመቱን አልወረስኩም። ሃይስኩል እያለሁ በሚኒ ሚዲያ ድራማ ዛፍ ሆኜ ተውኛለሁ፤ ጥሩ ዛፍ ነበርኩ ይሉኛል። አሁን ቴሌግራም አለ፣ ለኛ ዓይነቱ ሰው ቀላል ሆነ ይባላል። ለኔ አልቀለለኝም። ጽፌ አጠፋለሁ፣ ጽፌ አጠፋለሁ፣ መጨረሻ ላይ «ሰላም ነሽ» ብዬ ልኬ ስልኬን ገልብጬ አስቀምጣለሁ። ስልክ ላይ ማጥፊያ አለ፤ የዓይኗን ነገር ግን አይነግራችሁም።

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሥራ በኋላ የሚሰበሰብ የአማተር ድራማ ቡድን ገባሁ። ደመወዝ የለው፣ አዳራሹም በልመና ነው። ቅዳሜ ልምምድ አለን። የኔ ሚና ፖሊስ ነው፤ የማስራት እሷን ነው። አራት ዓረፍተ ነገር አለኝ፤ ከአባቴ በአንድ እበልጣለሁ። ሦስቱን በቃሌ ይዣለሁ።