ስለ ተሳቢና ስለ ጎታቹ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በውርጌሳ አድርጎ ወደ ሐብሩ የሚወርደው፣ መርሳን ከነብርቱካኗና ከነማንጎዋ አልፎ በስሪንቃ በኩል ወልድያ የሚገባው አውራ ጎዳና፣ በዳሩ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ያሳየዋል። ይሁን እንጂ የተመልካቹ ዐይን የሚያርፈው ጥሩንባ እየነፋ ከፊት በሚመጣው ጎታች ላይ ነው፤ የጭነቱን ብዙውን እጅ ተሸክሞ፣ የጎታቹን አቧራና ጭስ እየጠጣ በተአዝዞ የሚከተለውን ተሳቢ ግን ስሙን የሚያነሣለት፣ ክብሩንም የሚጠብቅለት አንድ ስንኳ አይገኝም። እኔ በበኩሌ የአገራችን ንግድ ባለውለታ ይህ ምስኪን ፍጥረት ነው ባይ ነኝ።

ዐይነቱ ሁለት ነው፤ አንዱ በገዛ ጎማዎቹ ቆሞ በዘንግ ይጎተታል፣ ሌላው የጭነቱን ከፊል በጎታቹ ጀርባ ላይ ያሳርፋል። ይህን ልጅም ያውቀዋል።

ብዙዎች የሚስቱት በልኬቱ ነው። በእኛ አገር የመኪና አቅም የሚነገረው በኩንታል ስለ ሆነ፣ ሁለት መቶ ኩንታል ማሽላ በተሳቢ ያስጫነ ነጋዴ መኪናው ሃያ ቶን ብቻ የጎተተለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ባለ ሦስት አክሰል ተሳቢ ገና አንድ ጆንያ ሳይጫንበት ብረቱና ጎማው ብቻውን ስድስት ሰባት ቶን ሊመዝን ይችላልና፣ የጎታቹ ባዶ ክብደት፣ በራሱ ላይ የተጫነው፣ ነዳጁ፣ ሾፌሩና ረዳቱ፣ በጭነቱ ላይ የተፈናጠጠው መንገደኛም ሳይቀር ተደምረው፣ ድምሩ ፋብሪካው ለጎታቹና ለተሳቢው በአንድነት ከወሰነው ጠቅላላ ክብደት እንዳይዘል መጠንቀቅ ይገባል። ቁጥሩ በሊብሬውና በመኪናው አካል ላይ በተለጠፈው ብረት ተጽፎ ሳለ፣ ሰው ሊብሬውን የሚገልጠው ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

እንግዲህ ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት፣ ብዙ ጊዜ የተሟገትሁበትም፣ «ሞተሩ ከጎተተው ይችለዋል» የሚለው ነው። አንድ ቀን መርሳ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ሾፌር የመኪናውን 371 የፈረስ ጉልበት እያወደሰ ሲናገር፣ በዘመናቸው ኤንትሬ የነዱ አንድ ሽማግሌ በጸጥታ ሲያዳምጡት ቆይተው፣ «ልጄ፣ ሽቅቡንስ ነገርኸን፤ ከዲልብ ወደ ወልድያ ስትወርድ ጉልበቱ ምን ያደርግልሃል?» ሲሉ ጠየቁት። ወጣቱም «አያ፣ ፍሬን አለኝ» አላቸው። «ፍሬኑስ ስንት ኩንታል ይችላል?» ብለው ቢመልሱለት መልስ አላገኘም።

ሽማግሌው የነዱት ኤንትሬ፣ ይኸውም ፊያት 682፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረውና በአፍሪቃ መንገዶች ላይ እንደ ንጉሥ የተቆጠረው መኪና፣ ጉልበቱ 200 ፈረስ እንኳ ሳይሞላ ተሳቢ እየጎተተ ኖሯል፤ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያዘገመ ይወጣዋል፣ የሚቀርበት ጊዜው ብቻ ነው። ቁልቁለት ግን ትዕግሥት የለውም። በጠቅላላው 30 ቶን የሚመዝን ባለ ተሳቢ መኪና ሺህ ሜትር ከፍታ ሲወርድ፣ ስበት የሚሰጠው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 880 ሊትር ያህል ውሃ፣ ይኸውም ከአራት በርሜል በላይ፣ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ያደርሰዋል። ይህ ሁሉ እሳት መውጫ የሚያገኘው ወይ በሞተሩ መያዝ፣ ወይ በአየር ንፋሱ፣ ወይ በፍሬኑ ሸራ ነው፤ ሸራውም ከልክ በላይ በጋለ ጊዜ መያዙን ይተዋል፣ ሾፌሩም «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። እምቢ ያለው ግን አስቀድሞ ከዐቅሙ በላይ የተጫነበት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ የሚወርደውን ሰውማ ምን ልበለው? ሞተሩ ሊይዝለት የሚችለውን ሸክም በፈቃዱ ጥሎ ሁሉን በሸራው ላይ ይጭናል፤ የሚያተርፈው ቢኖር ከአንድ ብርጭቆ ናፍጣ የማይበልጥ ሲሆን፣ ለኪሳራው ዳርቻ የለውም። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለው የአሮጌ ሾፌሮች ሥርዐት ለአዲሱ መኪና በጥቂቱ ይጠብቅ ይሆናል፣ መንፈሱ ግን ዛሬም ያው ነው።

የፈረንጆቹም ሕግ የተመሠረተው በዚሁ በፍሬን ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። በአውሮፓ ሰዎች ለዕረፍት ሲወጡ መኝታና ወጥ ቤት ያለው ቤት በትንሽ መኪናቸው ኋላ ይጎትታሉ፤ ተሳቢው ከ750 ኪሎ በላይ ከሆነ ግን የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። በእነዚህ ቀላል ተሳቢዎች ዘንድ ከጠቅላላ ክብደታቸው ከመቶ ከአምስት እስከ ሰባት ያህሉ በማያያዣው ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ ይወዛወዛልና።

ጭነቱን ወልድያ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ሾፌርም ከፈተና ወጣሁ አይበል። ለሙሉ ጭነት የተበጀ ፍሬን ባዶ ተሳቢ ላይ በኃይል ሲያርፍ፣ ጎማው መሽከርከሩን ትቶ በሐምሌ ዝናብ በራሰ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ በብዙዎቹ አሮጌ የአውሮፓ ተሳቢዎች ላይ የፍሬኑን አየር የሚመጥን፣ «ባዶ»፣ «ግማሽ»፣ «ሙሉ» እየተባለ በእጅ የሚዞር መዘውር ነበረ፤ በአዲሶቹ ላይ ይህን ሥራ መሣሪያው የባሌስትራውን መርገብና መወጠር እየለካ ራሱ ይሠራዋል፣ በአሮጌዎቹ ግን ጭነት በወረደ ቁጥር ረዳቱ ከጋቢና ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ሊያዞረው ይገባል።